ከየትኛው ተረተር ነው?

የኛ አገር ሰው መጠየቅ ይወዳል። ከአውቶቡስ የወረደ እንግዳ ገና አቧራውን ሳያራግፍ «የት አገር ነህ? የማን ልጅ ነህ?» ይባላል። መልሱ ጥሩ ከሆነ ሰውየው ቤተኛ ሆነ፤ ካልጣመ ግን እስኪጣራ ድረስ በጎን ይታያል። ይኼ ጠባያችን በሰው ብቻ አያበቃም። በርበሬው ሲሰፈር «የት በርበሬ ነው?» እንላለን፣ ቅቤው ሲሸተት «የት ቅቤ ነው?» እንላለን። መንግሥትም ይህንን አይቶ ነው መሰል በዚያ ዘመን የቀበሌ መታወቂያችን ላይ ከየት እንደበቀልን የሚጻፍበት መስመር አሰመረልን። እኛ እንኳ ሳይሰመርልንም እንጠይቅ ነበር። የማይጠየቀው ውሃ ብቻ ነበር፤ ውሃ ከየትም ይምጣ ይጠጣል። ቢያንስ እኔ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር፣ አንድ እሁድ ከአያ ይመር ጋር ምሳ እስክበላ ድረስ።

ያን ጊዜ መካነ ሰላም ውስጥ ጂኦግራፊ አስተምር ነበር። እንግሊዝኛ ይችላል ተብዬ ሉካ ለሚባል ጣሊያናዊ የውሃ መሐንዲስ በትርፍ ጊዜዬ አስተርጓሚ ሆንኩ። የሱም እንግሊዝኛ እንደኔው ኮልታፋ ስለነበር ተግባባን፤ ሁለት ኮልታፎች መቼም አይናናቁም።

ሉካ የመጣው ለታችኛው መንደር ውሃ ሊያወርድ ነው። የታችኛው መንደር ሴቶች ውሃ የሚቀዱት ከገደሉ ሥር ነበር። ቁልቁለቱ አንድ ሰዓት፣ ዳገቱ ጀሪካን ታዝሎ ሁለት ሰዓት። ከመንደሩ በላይ ግን፣ ከአንድ ትልቅ ዝግባ ሥር፣ በጋ ከክረምት የማትነጥፍ «ዝግባ ውሃ» የምትባል ምንጭ አለች። ቦዩ ተቆፈረ፣ ቧንቧው ተደረደረ፣ ሲሚንቶው መጣ። የምንጯ አፍ ላይ ሲደረስ አያ ይመር «አይሆንም» አሉ።

አያ ይመር ማለት ምንጯን ከአያት ከቅድመ አያታቸው ጀምሮ ሲጠብቁ የኖሩ፣ ንብ አናቢ፣ ትንሽ የሚናገሩ፣ የተናገሩትን ደግሞ የማያጥፉ ሽማግሌ ናቸው። መሬቱ የመንግሥት ነው ይላል ሕጉ፤ ዝግባ ውሃ የአያ ይመር ናት ይላል አገሩ። አገር ከተናገረ ሕግ አንገቱን ይደፋል። ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ተላከባቸው፤ ሦስቱንም ጊዜ ማር በእንጀራ አብልተው «አይሆንም» ብለው ሸኙ። ለምን? አይናገሩም። የሚገርመው ደግሞ የገዛ ልጃቸው ዘነቡ ያገባችው እዚያው ታችኛው መንደር ነው። በሆዷ ልጅ፣ በጀርባዋ ጀሪካን ይዛ ያንን ዳገት ስትወጣ አገር ያያታል። «አባቴ ለኔ ወገብ ከሚያዝን ለድንጋይ ያዝናል» ብላ ከፋሲካ ወዲህ ደጃቸውን አልረገጠችም። ለሉካ መሄጃ የቀረው ሁለት ሳምንት ነው። እሱ ከሄደ ቧንቧው ተነቅሎ ወደ ሌላ ወረዳ ይጫናል ተብሏል፤ የዘነቡ ዳገት እንግዲህ የዕድሜ ልክ ሊሆን ነው።

ሉካ ሲጨንቀው ጊዜ «ምሳ ልጋብዛቸውና አንድ ጠርሙስ ልክፈትላቸው» አለ። ጠርሙሱን አውቀዋለሁ። ስምንት ወር ሙሉ በሹራብ ተጠቅልሎ አልጋው ሥር የተኛ፣ ሥራው ሲያልቅ ሊከፈት የተቀጠረ ቀይ ወይን ነው። ያን ዕለት ጠዋት ስለዚህ ወይን የሰጠኝን ትምህርት እኔ ስለ አባይ ሸለቆ ለተማሪዎቼ ሰጥቼ አላውቅም። ወይኑ የበቀለው ፒየሞንቴ በሚባለው ክፍለ ሀገር፣ ላንጌ በሚባሉ ኮረብታዎች ላይ ነው። የወይን ፍሬው ኔቢዮሎ ይባላል፤ ሌላው ሁሉ ተለቅሞ ካለቀ በኋላ፣ ጉም ኮረብታውን ሲያለብስ ነው የሚለቀመው። መጠሪያው ባሮሎ ነው፤ ባሮሎ ግን የመንደር ስም ነው። ከወዲህኛው ተረተር የሚበቅለው ገራም ነው፣ ከወዲያኛው የሚበቅለው ቆፍጣና ነው፤ በመካከላቸው አንድ ሸለቆ ብቻ ነው ያለው። ይኼኛው ከወዲያኛው ነው፤ የሉካ አባት ከሚኖሩበት። ወይኑ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው።

እኔም ለጨዋታ ያህል፣ «እኛ አገር ቀዩን ወይን በኮካ በርዘን ነው የምንጠጣው» አልኩት። ጠርሙሱን በሁለት እጁ ወደ ራሱ ሳበው። መርዶ የነገርኩት ነው የመሰለኝ።

ብርጭቆ ነገር ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበር። ነገር በምሳሌ ጠጅ በብርሌ ነውና እኔ ከጠጅ ቤት ሦስት ብርሌ ተውሼ መጣሁ። ሉካ አንዱን አንስቶ አፍንጫውን በብርሌው አንገት ሊያስገባ ሞከረ፤ አልገባም። ሳይሸተት አይጠጣም ብሎ በውሃ ብርጭቆ ይሁን ተባለ። ከዚያ እንግዳው ከመምጣታቸው አንድ ሰዓት ቀድሞ ጠርሙሱን ከፈተና ክፍቱን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው። ዝንብ ይገባበታል ስለው «ይተንፍስ» አለኝ። አሥራ ሁለት ዓመት ሳይተነፍስ የኖረ ዛሬ ምን አስቸኮለው ብዬ ዝንብ ማባረር ያዝኩ።

አያ ይመር ከቅዳሴ በኋላ ነጭ ጋቢያቸውን ተከናንበው መጡ። ሰላምታው አማረ፣ ጤና ተጠየቀ፣ ከብት ተጠየቀ፣ ንቦቹ ሳይቀሩ ተጠየቁ። የበጉ ጥብስ ቀረበ። ሉካም ጠርሙሱን አነሳና በአያ ይመር ብርጭቆ ውስጥ አንዲት ጉንጭ የማትሞላ ጠብ አድርጎ፣ የራሱን ብርጭቆ ባዶውን ትቶ፣ «ይቅመሱት» ብሎ ፊታቸውን ትክ ብሎ ያይ ጀመር።

ልብ በሉልኝ። በሉካ አገር እንግዳ የሚከበረው እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ እንግዳው ቀምሶ ደህና ነው ካለ ነው ለሌላው የሚቀዳው። በኛ አገር ግን መጀመሪያ የሚቀምሰው ቀጂው ነው! በመዳፉ ጠብ አድርጎ፣ እንግዳው እያየው ይጠጣል፤ ክፉ ነገር የለበትም፣ ካለበትም ለኔ ይሁን ማለቱ ነው። አሁን እንግዲህ በአያ ይመር ዓይን እዩት። ጠርሙሱ የተከፈተው እሳቸው በሌሉበት ነው። የተቀዳላቸው ለሙከራ የምትበቃ ጠብታ ናት። አቅራቢው አይጠጣም። አለመጠጣቱ ሳያንስ ፊታቸው ላይ የሚመጣውን ይጠብቃል። ሰውየው ጣሊያን ነው። አያ ይመር በልጅነታቸው የጣሊያን አይሮፕላን መርዝ ሲያዘንብ በዓይናቸው ያዩ ሰው ናቸው፤ ከብታቸውም ያለቀው በዚያው ነው።

ብርጭቆውን በአንድ ጣታቸው ከፊታቸው ገፋ አደረጉና በትራቸውን ሳቡ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው። ካነጋገር ይፈረዳል ካያያዝ ይቀደዳል የሚለውን ለተማሪዎቼ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የምጽፍ ሰው፣ በወይን ትምህርት ፈዝዤ የአገሬን ወግ ረሳሁት። ዘነቡ ከነዳገቷ ፊቴ ድቅን አለች።

«ሉካ፣ በመዳፍህ ቅዳና ጠጣ» አልኩት።

«በምኔ?»

«በመዳፍህ። አሁን። ምክንያቱን አትጠይቀኝ።»

ሉካ ጠርሙሱን አየው። አሥራ ሁለት ዓመቱን፣ አባቱን፣ ያንን ሁሉ ጉም አየው መሰለኝ። ከዚያ አያ ይመርን አያቸውና፣ እሰይ የወንድ ልጅ፣ ግራ መዳፉን አጎድጉዶ እስኪፈስ ቀዳበት። ጠጣው። የተረፈው በነጭ ሸሚዙ እጅጌ ገብቶ እስከ ክርኑ ወረደ። እሱ ግን ሸሚዙን ሳያይ መዳፉን ዘርግቶ አሳያቸው።

አያ ይመር በትራቸውን መልሰው ግድግዳው ላይ አስደገፉት። «አብሽር ልጄ፣ አሁን ሙላው» አሉ።

ሙሉ ብርጭቆ ተቀዳላቸው። አንድ ጊዜ ጎንጨት አደረጉና ቆዩ። ሁለተኛ ደገሙ። ምላሳቸውን ላንቃቸው ላይ አጣበቁ፤ ያልበሰለ እንኮይ እንደበላ ሰው ፊታቸው ሰብሰብ አለና ተመልሶ ተፈታ። እኔ «ይኮመጥጣል» ይላሉ ብዬ ምን ብዬ አለሳልሼ እንደምተረጉመው ስሰናዳ፣

«ከየትኛው ተረተር ነው?» አሉ።

ተረጎምኩለት። ሉካ ከመቀመጫው ተነሳ። እርሳስ ፈለገ፣ ወረቀት ሲያጣ የግድግዳውን ካሌንደር ገንጥሎ በጀርባው ኮረብታዎቹን ይስል ጀመር። አያ ይመር ወንበራቸውን ስበው ተጠጉት። ተረተሩ ፀሐይ የሚያገኘው ጠዋት ነው ወይስ ከሰዓት? አፈሩ ውሃ ይይዛል ወይስ ያሳልፋል? ጉሙ ከሸለቆው ነው የሚወጣው ከተራራው ነው የሚወርደው? እኔ የጂኦግራፊ መምህሩ በመካከል ሆኜ ጥያቄ ከማመላለስ በቀር ምንም አልፈየድኩም። አያ ይመር የበረሃ ማርና የደጋ ማር ቀርቶ፣ ከአንድ ሸንተረር ወዲህና ወዲያ የተቆረጠ ማር ዓይናቸውን ጨፍነው የሚለዩ ሰው ናቸውና የሚጠይቁትን ያውቃሉ። በመጨረሻም «ይኼ ከሜዳ የመጣ አይደለም። ተቸግሮ የበቀለ ነው» አሉ። ይህንን ስተረጉምለት የሉካ ዓይን ውሃ ሞላ። «አባቴም እንደዚሁ ነው የሚሉት» አለኝ።

ከዚያ አያ ይመር ጠርሙሱን አንስተው አገላበጡትና የተጻፈው ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። በትልቁ የተጻፈው ባሮሎ የሚለው ነው፣ የቦታው ስም። ከሥሩ የተረተሩ ስም አለ። ከዚያ ዓመተ ምሕረቱ። የሠራው ሰው ስም ከታች፣ በደቃቅ ፊደል ነው። ሰምተው በትልቁ ፊደል ላይ ጣታቸውን አሳለፉ። ሦስት ጊዜ የተላከ ሽማግሌ ያላወጣውን ነገር ያወጡት ያኔ ነው።

«ውሃ ነስቼ አይደለም» አሉ። «ወዲያ ማዶ የነበሩትን አራት ምንጮች ቧንቧ ሲያስገቧቸው አይቻለሁ። ዛሬ ስማቸውን የሚያውቅ ልጅ የለም፤ ሁሉም ‹የፕሮጀክቱ ውሃ› ነው የሚላቸው። ዝግባ ውሃ እናቴ የጠመቀችባት፣ እኔ የተጠመቅኩባት ናት። ብረት ውስጥ ገብታ ስሟ እንዳይጠፋ ፈርቼ ነው። ስሟን እንደዚህ ጠርሙስ በትልቁ የምትጽፉላት ከሆነ፣ ከሌላ ውሃም ካልደባለቃችኋት፣ ነገ መጥታችሁ ክፈቱ።»

እናንተዬ፣ ቀላል ነገር መስሏችሁ ይሆናል። የውሃ ኮሚቴው ሊቀመንበር መንደሩ ውሃ በሚቀዳበት ቦኖ ግንብ ላይ የሚጻፈውን አስቀድሞ አዘጋጅቶት ነበር፤ የጽሕፈት ቤቶች ስም፣ የሥራ ሂደቶች ስም፣ «በሕዝብ ተሳትፎ» የሚል ትልቅ መስመር። በዚያ ዘመን ስብሰባ ያለ ዳቦ ይካሄዳል እንጂ ዳቦ ያለ ስብሰባ አይጋገርምና ስብሰባ ተጠራ። አያ ይመር ባዶውን ጠርሙስ በጋቢያቸው ሸሽገው መጥተው ጠረጴዛው ላይ ድቅን አደረጉት። ያነበብኩላቸውን እንድደግመው አዘዙኝ፤ ደገምኩት። «ፈረንጁ እንኳ የአገሩን ተረተር ከስሙ በላይ ጻፈ» አሉና ተቀመጡ። ሊቀመንበሩ ጠርሙሱን አየ፣ ሕዝቡን አየ፣ ረቂቁን አጣጠፈ። ስብሰባው ከተጀመረ ሩብ ሰዓት አልሞላውም ነበር። በወረዳችን ታሪክ እንደዚያ ያጠረ ስብሰባ እኔ አላውቅም።

ሉካ ሊሄድ ሦስት ቀን ሲቀረው ቦኖው ተከፈተ። ግንቡ ላይ በትልቁ «ዝግባ ውሃ» ይላል። ከሥሩ «ከላይኛው ተረተር፣ ከምሥራቅ ፊት» ይላል። የጽሕፈት ቤቶቹን ስም ለማንበብ መንበርከክ ያስፈልጋል። ሊቀመንበሩ ንግግሩን አደረገ፣ ቧንቧው ተከፈተ፤ መጀመሪያ አየር አስነጠሰ፣ ቀጥሎ ቀይ አፈር ተፋ፣ ከዚያ ጠራና ወረደ። ሰዉ እልል ሊል አፉን ከፍቶ ግን አልጀመረም፤ ሁሉም የሚያየው አያ ይመርን ነው። አንድ ኩባያ ተቀዳላቸው። ጎንጨት አደረጉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሉካ ክንዴን ጨምድዶ ይዞኛል።

«እሷ ናት» አሉ።

እልልታው ማዶ ድረስ ተሰማ። ዘነቡ በሕዝቡ መካከል ሰንጥቃ መጥታ የአባቷን ጉልበት ሳመች። እሳቸው በሁለት እጃቸው አንስተው ግንባሯን ሲስሙ ሊቀመንበሩ እንኳ ፊቱን ወደ ግንቡ አዞረ። እኔም ኩባያውን ተቀብዬ ጠጣሁ። ከእናንተ የምደብቀው የለም፤ ለኔ ውሃ፣ ውሃ ነው ያለኝ። አፍሬ ኩባያውን መለስኩ። ከጎኔ ዘነቡ ቀድታ ስትጠጣ አየኋትና የአባቷን ምላስ ወርሳ እንደሆነ ልፈትናት ብዬ «ከገደሉ ውሃ ጣዕሟን ለየሽው?» አልኳት።

አፏን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

«እንዴታ መምህር» አለችኝ። «ድካም ድካም አትልም።»