የንግሥቲቱ ጢም

የዚህ አገር ልጆች ሲጠሩ አይታችሁልኛል? ለውሻውም «ና!»፣ ለቄሱም «ና!» ነው። የእኔዋ ሳሮን እዚሁ ዳላስ ተወልዳ አሁን አምስተኛ ክፍል ናት። አማርኛዋ አይታማም፤ ማለቴ «ና» እና «ነይ» ላይ እስኪደርስ ነው። ለእሷ ሁለቱም «ከም» ነው፤ አለቀ።

ሶ፣ ለትምህርት ቤት ፕሮጀክት የጥንት ግብፅ ንግሥት ሆነሽ ቅረቢ ተብላ መጣች። «ማሚ፣ ሃትሼፕሱት ንግሥት ነበረ፤ ጢም አለው» አለችኝ። ነበረች በይ እንጂ ብዬ ላርማት ስል፣ ለካስ የግብፅ ጸሐፊዎችም ተቸግረው ኖሯል! ሴትዮዋ ለእንጀራ ልጇ ሞግዚት ሆና ገባችና ዙፋኑ ሲጥማት ራሴ ፈርዖን ነኝ አለች። ጢም ለጥፋ በድንጋይ ተቀረጸች። አንዱ ጋ «እሱ»፣ ሌላው ጋ «እሷ» ብለው ጻፏት። ከሞተች በኋላ ደግሞ ስሟን በመሮ ፈቀፈቁት። ስሙ የጠፋ ነፍሱም ትጠፋለች ባዮች ናቸው አሉ። ክፋት ነው እቴ!

ሳሮን ከአሮጌ ዊጌ ጸጉር ጢም ጎንጉና ሠራች። እኔ ግን ዘውዱን አድርጊ፣ ጢሙን ተዪ አልኳት። ለምን ብትለኝ ደስ አይልም ብዬ ዘጋሁት።

ለእናንተ ግን እውነቱን ልንገራችሁ። እኔ ትምህርት ቤት እስክገባ ድረስ ወንድ ነበርኩ። ከእኔ በፊት የወለደቻቸው ሴቶች ስለሞቱባት፣ እናቴ ሞትን ልሸውድ ብላ ጸጉሬን ላጭታ፣ ቁምጣ አልብሳ፣ «አንተ» እያለች አሳደገችኝ። የሰፈሩ መሳቂያ ነበርኩ። እናቴ እስክታልፍ ድረስ «አንቺ» ብላኝ አታውቅም።

ሥራዬ ኤርፖርት ዊልቸር መግፋት ነው። ሐሙስ ከሰዓት ደክሞኝ ገባሁና ኤርፖርቱ አጠገብ፣ ዩለስ የሚባለው ከተማ ያለው አፓርታማችን ሶፋ ላይ ጋደም አልኩ። ሳሮን መኝታ ቤቷ ናት። ኤሲው መንፋቱን አቆመ። ከዚያ ከኪችን በኩል አንድ ሰው ጠራ።

«ነይ!»

ኪችኑ ከሶፋው ይታየኛል፤ ማንም የለበትም። ድምፁ ግን የእናቴ ነው፤ ያ ጎርነን ብሎ መጨረሻው ላይ የሚሳበው።

«ነይ!»

እመቤቴ ድረሽ! እናቴ እኮ «ና» ነው የምትለኝ። ይሄ እሷ አይደለችም፤ ስትሸውደው የኖረችው ነው የመጣው። የማይታይ ሲጠራ አቤት እንደማይባል የማያውቅ ሐበሻ አለ? ከንፈሬን ነክሼ ዝም አልኩ።

«አቤት!» አለች ሳሮን ከመኝታ ቤቷ።

እየሮጠች መጣች። «ጠራኸኝ፣ ማሚ?»

ልጄን! እኔ ዝም ብዬ ልጄ አቤት ትበልልኝ? ከሶፋው ተነሳሁ። «አዎ፣ ጠርቼሃለሁ። ና እዚህ፣ ልጄ» አልኳት፤ ኪችኑ እንዲሰማ ጮክ ብዬ። እሷ ምኑም አልገባት። ያንን ጢም ከጠረጴዛው አንስቼ በሽፋሽፍት ማጣበቂያ አገጯ ላይ ለጠፍኩት። «ማሚ፣ ፕሮጀክቱ ነገ ነው» አለች። «ዛሬ ተለማመደው!» አልኳት።

በጢሟ ተኛች። በማግስቱ ክፍሏ ውስጥ፣ እኛ ወላጆች ከኋላ ተቀምጠን፣ በጢሟ ቆማ ስለ ንግሥቲቱ አወራች፤ ክፍሉ አጨበጨበ። መምህሯ አሁን ማውለቅ ትችያለሽ አለቻት። ከኋላ ብድግ ብዬ አይወልቅም አልኩ። ያበደች እናት ብላ አየችኝ። ትየኝ።

ይህችው መምህር ሃትሼፕሱት ጢም የለጠፈችው ዙፋን ፈልጋ ነው ብላ አስረዳችን። የተማሩት ሁሉ እንደዚያ ነው የሚሉት አሉ። እስኪ መጀመሪያ ማን እንደጠራት ይጠይቁልኝ።