ባጃጅ ሙሉ ጭድ

እኛ ሰፈር ሰው በግቢው ውስጥ ምን እንደሚሠራ መጠየቅ ነውር ነው። ስለዚህ ማንም አይጠይቅም፤ በሩ ላይ የሚራገፈውን አይቶ ይደመድማል። አሸዋ ከተራገፈ ብር ገብቶለታል፤ ድንኳን ከተራገፈ ወይ ሠርግ ወይ ሐዘን ነው። ጭድ ሲራገፍስ? እሱን ነው የማጫውታችሁ።

ሀና ማርያም ከቤቴ ጓሮ አንዲት ቁራጭ መሬት አለችኝ። እኔ ጎመንና ቆስጣ እተክልባታለሁ፤ ባለቤቴ አልማዝ ደግሞ የኪራይ ክፍል ልትተክልባት ትፈልጋለች። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ተራችን እስኪደርስ ጎመኔ አንገቱን ይደፋል። አልማዝም በመስኮት እያየች፣ ከዚህ ላይ አንድ ክፍል ከነመጸዳጃው ይወጣል ትላለች። በመጨረሻ ቁርጡን ነገረችኝ፦ ይሄኛውም ከደረቀ ግንበኛ ይጠራል። እኔ ደግሞ መሬቷን እወዳታለሁ። ቢሮ ሰው ሲቆጣኝ ውዬ ስገባ፣ የማይቆጣኝ ጎመን ብቻ ነው።

ግብርና ያጠናች የሥራ ባልደረባዬ መላውን ነገረችኝ። አፈሩን በደንብ አጠጥተህ በጭድ አልብሰው፣ ግንዱን ብቻ እንዳታስነካው፤ ፀሐይ እርጥበቱን አትወስድብህም፣ አረምም አያስቸግርህም አለችኝ። በሙያው ቋንቋ ጉዝጓዝ ይባላል። ይህን የመሰለ ጥበብ እስከዛሬ እንዴት ተሰወረብኝ? ቅዳሜ ጠዋት ባጃጅ ሙሉ ጭድ ጭኜ፣ ጥሩምባ እያስነፋሁ ሰፈሬ ገባሁ።

የረሳሁት ነገር፣ እዚህ ሰፈር ጭድ የሚገባው ወይ ለከብት ወይ ለጭቃ ቤት ምርጊት መሆኑን ነው። ከብት እንደሌለኝ ሁሉም ያውቃል። ስለዚህ ያለ ፈቃድ ቤት ልሠራ ነው ማለት ነው። ጎረቤታችን እትዬ አስካለ በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው፣ አይዟችሁ፣ ብቻ ማታ ማታ ሥሩት አሉኝ። ኧረ ለአትክልት ነው ብዬ ማልኩ። ጎሽ፣ የጠየቀህን ሁሉ እንደሱ በለው አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ወሬውን ማን ያቁመው? ሰኞ ባለሱቁ ቆርቆሮ በጥሩ ዋጋ የሚሸጥ ዘመድ እንዳለው ሹክ አለኝ። ስለ ጎመን የጠየቀኝ ግን የለም።

ጉዝጓዙ ሥራውን ሠራ። ውሃ ጠፍቶ በከረመበት ሰሞን እንኳ ጭዱን ገለጥ ሳደርገው አፈሩ እርጥብ ነው። ጎመኔ ቅጠሉ ሰፋ፣ አማረበት። አልማዝም ሳትወድ በግዷ ቀጥፋ ወጥ ሠራችበት፤ የግንበኛውንም ነገር ማንሳት ተወች። በጣም ደስ አለኝ። በዚያው ሐሜቱንም ላጥፋው ብዬ ትልቅ እስር ጎመን ይዤ፣ ከአልማዝ ጋር እትዬ አስካለ ዘንድ ሄድኩ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይቀርባል?

እትዬ አስካለ ጎመኑን ተቀበሉ፣ ግራ ቀኝ አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ምነው ተቸገራችሁ፣ እኔ እንደሆን ያለዚህም ለማንም አልተነፍስ አሉን። ብቻ ክፍሉ ሲያልቅ ለእህቴ ልጅ ይሁንልኝ፣ ፀባየኛ ናት፣ ኪራይ አታሳድርም አሉ።

እኔ እንደገና ልምል አፌን ስከፍት አልማዝ ቀደመችኝ። መቼ መግባት እንደምትፈልግ ጠየቀቻቸው።