የሸጋው እንጉርጉሮ ባለቤት

(ጎንደር፣ ከፒያሳ ዝቅ ብሎ ፎቅ ላይ ያለች ጠባብ ስቱዲዮ። ወንድምአገኝ የሠርግና የሙት ዓመት ቪዲዮ እየሠራ ኢንተርኔት ላይ ይለቃል፤ የማያውቀው ነገር ያለ አይመስለውም። ክንዱ ከመካነ ብርሃን የመጣ ገበሬ ነው፤ ነገር ቶሎ አይገባውም ይሉታል። ባርኔጣውን ማይክሮፎኑ ላይ ሰቅሏል።)

ወንድምአገኝ፦ አንሳው አልኩህ!

ክንዱ፦ ምኑን?

ወንድምአገኝ፦ ባርኔጣህን ነዋ! ማይክ እኮ ነው እሱ!

ክንዱ፦ መስቀያ መስሎኝ። ቁመቱም ሸጋ ነው።

ወንድምአገኝ፦ መስቀያ! ይሄ ማይክ ሁለቱን በሬዎችህን ያስሸጣል፣ ታውቃለህ?

ክንዱ፦ ባርኔጣ እንኳ መሸከም ካቃተው ምን ያደርግልሃል ታዲያ?

ወንድምአገኝ፦ (ባርኔጣውን አንስቶ ይወረውርለታል) ድምፅ ነው የሚሸከመው፣ ድምፅ! በል አያ ክንዱ፣ ሥራ አለብኝ። ስለዚያች እንጉርጉሮ ከሆነ የመጣኸው፣ ጨርሰናል። የኔ ናት።

ክንዱ፦ ምነው፣ ገና ሳንጀምር ጨረስን? የገጠምኳት እኔ አይደለሁም?

ወንድምአገኝ፦ አንተማ አጉተመተምካት። ለዓለም ያወጣኋት እኔ ነኝ።

ክንዱ፦ ቤቴ አድረህ አይደለም እንዴ የሰማሃት? የሠርግ ቀረጻ ብለህ መጥተህ፣ ማኪናው ተበላሽቶብህ፣ እግርህን አጥቤ መደቤን ለቀቅሁልህ። እኔ የተኛህ መስሎኝ ሳንጎራጉር፣ አንተ ለካ ጋቢዬን ተከናንበህ በስልክ ትቀዳኝ ኖሯል።

ወንድምአገኝ፦ መቅዳት አይባልም። ኮንቴንት ማሰባሰብ ነው የሚባለው።

ክንዱ፦ እኛ ጋ ሌላ ስም አለው።

ወንድምአገኝ፦ እናንተ ጋማ ምን አለ! ኔትወርክ እንኳ የሌለው አገር! ስማኝ፣ ይሄ ዲጂታል ኢኮኖሚ ነው። አእምሯዊ ንብረት ይባላል፤ ትልቅ ሆቴል ውስጥ ሥልጠና ወስጄበታለሁ። አእምሯዊ ንብረት ማለት አእምሮ ያለው ሰው ንብረት ማለት ነው። አሁን ገባህ ለምን ያንተ እንዳልሆነች?

ክንዱ፦ እንዲያ ብለው ነው ያሠለጠኗችሁ?

ወንድምአገኝ፦ መሀል ላይ ለምሳ ወጥቼ ነበር። ግን ዋናው ሐሳብ እሱ ነው። ቀድሞ የለቀቀ፣ ባለቤት ነው። አለቀ!

ክንዱ፦ እና እኔ ሳልነሳ ቀድመህ ላሜን ብታልባት፣ ወተቱ ያንተ ነው?

ወንድምአገኝ፦ ኡፍ! ወተትና ዲጂታልን ያገናኛል እንዴ! ወተቱን ብወስድብህ ማሰሮህ ባዶ ይቀራል። እንጉርጉሮዋን ብወስዳት ግን አንተም ጋ አለች። አለች ወይስ የለችም?

ክንዱ፦ አለች።

ወንድምአገኝ፦ ታዲያ ምን ጎደለብህ?

ክንዱ፦ ስሜ ነዋ። ባለፈው ማኅበር ላይ ሸጋው ትዝ ቢለኝ አንጎራጎርኳት። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ጎረቤቴ አበቡ ብድግ ብሎ፣ «ክንዱ የጎንደሩን ሰውዬ ዘፈን ከስልክ ሸምድዶ የኔ ናት ይለናል» አለ። በገዛ እንጉርጉሮዬ ሌባ ተባልኩ እኮ! ልጆች በመንገድ ሳልፍ «ኮፒ! ኮፒ!» ይሉኛል። አንገቴን ደፍቼ ነው የምሄደው። ሌላ ምንም አልፈልግ፣ «የክንዱ ናት» ብለህ ተናገርልኝና ልሂድ።

ወንድምአገኝ፦ (እየሳቀ) እሱማ ዝነኛ መሆን ነው፤ አመስግነኝ እንጂ።

ክንዱ፦ የወንድሜ ልጅ ሃናም ብትሆን፣ ያኔ ሸጋው የሞተ ሰሞን እኔ ሳንጎራጉር ቀርጻ ለቅቃው ነበር። ካንተ በፊት ነው። አሁን ከሥሩ «የግጥምና የዜማው ባለቤት ወንድምአገኝ» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎበታል። ልጅቷ አለቀሰች።

ወንድምአገኝ፦ እኔ ነኝ ያስለጠፍኩት! የኢንተርኔቱ ማሽን «ያንተን የሚመስል አግኝቻለሁ፣ ያንተ ነው ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ። «አዎ፣ የኔ ነው» አልኩት። በቃ።

ክንዱ፦ አይተኸው ነው አዎ ያልከው?

ወንድምአገኝ፦ ምን ብዬ አየዋለሁ? የኔ መሆኑን እያወቅሁ!

ክንዱ፦ ሸጋ ነው። ሳያዩ ማወቅ ትልቅ ዕውቀት ነው።

ወንድምአገኝ፦ ደግሞ ሌባ ምን እንደሆነ ካንተ አልማርም። ሌባ ልንገርህ? ይኸው አንዱ የሰፈር ወሮበላ የኔን የአቶ ቢያዝንን የሙት ዓመት ቪዲዮ እንዳለ አውርዶ፣ አርማዬን ቆርጦ፣ የራሱን ለጥፎ ለቀቀው! የሰው ላብ! ሐፍረት የለውም! እንቅልፍ እኮ ነው ያጣሁት!

ክንዱ፦ ቪዲዮህ ግን አንተም ጋ አለ?

ወንድምአገኝ፦ አዎ።

ክንዱ፦ ታዲያ ምን ጎደለብህ?

ወንድምአገኝ፦ እሱ ሌላ ነው። እኔ ባለሙያ ነኝ። እኔ ፈጠራ ጨምሬበታለሁ።

ክንዱ፦ ምን ጨመርክበት?

ወንድምአገኝ፦ ድምፅህን በኤአይ አጠብኩት፤ የሳል ድምፅ አወጣሁለት፤ ከበሮ ጨመርኩ። አንተ «ሸጋው» ያልከውን ሁሉ «ቢያዝን» አደረግሁት። የአቶ ቢያዝን ልጆች ለአባታቸው ሙት ዓመት ሲሰሙት ተንሰቅስቀው አለቀሱ። ያንተ ወንድም ማን ያውቀው ነበር? እኔ ነኝ እዚህ ያደረስኩት።

ክንዱ፦ የምን ወንድም?

ወንድምአገኝ፦ ሸጋው ነዋ! ነፍሱን ይማረው። እኔ እኮ ሰው አነብባለሁ። ጎረቤቱ ሁሉ ተራ በተራ እየገባ «እግዜር ያጥናህ» ሲልህ አይቻለሁ። አንተ ጥግ ይዘህ ተክዘሃል። ወዲያው ገባኝ፤ ወንድም ነው አልኩ።

ክንዱ፦ ኧረ ሸጋው እኮ...

ወንድምአገኝ፦ አታቋርጠኝ!

ክንዱ፦ እሺ። ግን ያንተ ከሆነች እስቲ ትርጉሟን ንገረኝ። እኔ ዘገምተኛ ነኝ።
(ያንጎራጉራል)
ያንን ሁሉ ዳገት ወጥተህ ሳታማርር፣
ምነው ዛሬ ተኛህ ከሜዳ ከሣር ዳር።

ወንድምአገኝ፦ ዳገት የኑሮ ዳገት ነው። አቶ ቢያዝን ከምንም ተነስቶ ነው የእህል ነጋዴ የሆነው።

ክንዱ፦ ተው እንጂ! ይችስ?
ጀርባህ ሰፊ ነበር ለስንቱ የበቃ፣
ማን ይሸከመናል አንተ ስትል በቃ።

ወንድምአገኝ፦ ጀርባ ማለት ኃላፊነት ነው። ቤተ ዘመዱን ሁሉ ይሸከም ነበር።

ክንዱ፦ ይችስ ታዲያ?
ገራም ነው ፊት ለፊት ከእጅ ላይ ሲበላ፣
ማን ደፍሮ ይቆማል ከሸጋው በኋላ።

ወንድምአገኝ፦ «ከእጅ ላይ ሲበላ» ጉርሻ ነው! ሟቹ ጉርሻ ይወድ ነበር ማለት ነው። «ከኋላው ማን ይቆማል» ደግሞ፣ ስለሚፈራ ከኋላ ሆኖ የሚያማው የለም ማለት ነው። ቅኔ ነው አያ ክንዱ። አንተ ሳታውቀው ነው የወጣልህ።

ክንዱ፦ ለካ እንዲያ ነው! እኔ እንኳ ሌላ ነበር የመሰለኝ። ስለዚህ ከላይ እስከ ታች ያንተው ናት?

ወንድምአገኝ፦ ከላይ እስከ ታች!

ክንዱ፦ ሃና የለቀቀቻትም ጭምር?

ወንድምአገኝ፦ እሷም ጭምር!

ክንዱ፦ ሰው ፊት ትለዋለህ?

ወንድምአገኝ፦ ሰው ፊት? አገር ፊት ነው የምለው! (ስልኩን ማቆሚያው ላይ ይሰካል፤ ፀጉሩን ያስተካክላል) ይኸው፣ ላይቭ ገባሁ። ጤና ይስጥልኝ ውድ ተከታታዮቼ! አንድ የገጠር ሰው የኔን ሥራ የኔ ነው ብሎ ስቱዲዮዬ ድረስ መጥቷል፤ ባርኔጣውን ማይክ ላይ የሚሰቅል ሰው ነው እንግዲህ። ስሙ፦ ግጥሙም ዜማውም የኔ፣ የወንድምአገኝ ብቻ ነው! ሃና የምትባል ልጅ የለቀቀችውም ሳይቀር የኔ ነው! አንድ ቃል ያዋጣልኝ ሰው የለም! (ወደ ክንዱ) በቃህ?

ክንዱ፦ በቃኝ። እነሱም ሰምተውታል።

ወንድምአገኝ፦ እነማን?

ክንዱ፦ የአቶ ቢያዝን ልጆች። ከታች በሩ ላይ ቆመው በስልክ እያዩህ ነው። «ባለቤቱ ማን እንደሆነ ከራሱ አፍ እንስማ» ብለው ነው የላኩኝ።

ወንድምአገኝ፦ (ደስ ብሎት ኮሌታውን ያስተካክላል) ሊያመሰግኑኝ ነው?

ክንዱ፦ እንጃ። ዱላ ይዘዋል።

ወንድምአገኝ፦ የምን ዱላ?

ክንዱ፦ የወይራ ነው መሰለኝ።

ወንድምአገኝ፦ አያ ክንዱ! ምን አደረግህ?

ክንዱ፦ እኔ ምን አደርጋለሁ? በኔ ግጥም የተለቀሰለትን ሰው እኔ ሳላለቅስለት ባልፍ ነውር ነው ብዬ፣ ዛሬ ጠዋት መጀመሪያ እነሱ ቤት ለቅሶ ደረስኩ። ቁጭ ብዬ ደህና አድርጌ አለቀስኩ። ሚስቱ ወይዘሮ የትነበርሽ «ባለቤቴን ከየት ታውቀዋለህ?» አሉኝ። «አላውቃቸውም፣ በእንጉርጉሮዋ ነው የመጣሁ» አልኳቸው። «መጀመሪያ ለማን ነበረች?» አሉኝ። በሰው ለቅሶ ቤት ልዋሽ? «ለበቅሎዬ» አልኳቸው።

ወንድምአገኝ፦ ለ... ለምንህ?

ክንዱ፦ ለበቅሎዬ፣ ለሸጋው። ገደል ገብቶ ታች ሜዳው ላይ ሞተብኝ እኮ።

ወንድምአገኝ፦ ሸጋው በቅሎ ነው?!

ክንዱ፦ እንዴት ያለ በቅሎ! ገብስ ከእጄ ላይ ይበላ ነበር። ከኋላው ግን አይቆምም፣ ይራገጣል። አንተ ጉርሻ ነው አልክ እንጂ።

ወንድምአገኝ፦ ሰው ሁሉ «እግዜር ያጥናህ» ሲልህ ነበር እኮ!

ክንዱ፦ በቅሎ የሞተበትን ሰው ታዲያ ምን ይበሉት፣ እንኳን ደስ ያለህ? እኛ አገር በቅሎ ሲሞት ጎረቤት ገብቶ ያጽናናል። ያለ በቅሎ ያን ገደል ማን ይወጣዋል?

ወንድምአገኝ፦ ለምን አልነገርከኝም ታዲያ!

ክንዱ፦ ልነግርህ ስል አታቋርጠኝ አልከኝ።

ወንድምአገኝ፦ (ወደ ስልኩ እየተንደረደረ) ውድ ተከታታዮቼ! አንድ ስሕተት ተፈጥሯል! ያቺ እንጉርጉሮ የኔ አይደለችም!

ክንዱ፦ ምነው፣ አሁን አይደል ከላይ እስከ ታች ያልከው? የሃና ቪዲዮ ላይ ሸጋው ራሱ አለ፣ ከነኮርቻው፤ ከሥሩ ያንተ ስም። ታላቁ ልጅ መዝሙር እሱን አይቶ ነው፣ «ለበቅሎ የገጠመውን ለአባታችን ሸጠልን!» ብሎ ደሙ የፈላው።

ወንድምአገኝ፦ አንተ እንደገጠምካት ንገራቸዋ!

ክንዱ፦ እኔ ስናገር ሰው ይስቃል። አንተ ተናገር። እንደኔ ከሆነ ያለህ ሁለት መንገድ ነው። ወይ ለበቅሎ ገጥመህ ለአባታቸው ያዋልክ ነህ፤ ወይ ካሳደረህ ሰው ቤት የሰረቅህ ነህ። እኔ ዘገምተኛ ነኝ፣ ሦስተኛ መንገድ ካለ አንተ ታውቃለህ።

(ደረጃው ላይ የብዙ ሰው እግር ይሰማል።)

ወንድምአገኝ፦ የጓሮ በር... የጓሮ በር የለኝም! እሺ! ስሙኝ! የክንዱ ናት! ሰረቅኋት!

ክንዱ፦ ጮክ በል። መካነ ብርሃን ኔትወርክ የለም ብለህ የለ?

ወንድምአገኝ፦ (እየጮኸ) የመካነ ብርሃኑ የክንዱ ናት! ቤቱ አድሬ፣ ጋቢውን ለብሼ ሰረቅኋት! ክንዱ ሌባ አይደለም፣ ሌባው እኔ ነኝ! የበቅሎ መሆኗንም አላወቅሁም፣ በአባታችሁ ሞት! ዳገቱም፣ ጀርባውም፣ ጉርሻውም ዝም ብዬ የቀባጠርኩት ነው! አንድም ቃል አልገባኝም ነበር! አንድም!

ክንዱ፦ (ወደ ስልኩ ጎንበስ ብሎ) ሃና፣ ሰማሽ የኔ ልጅ? ለአበቡም አሰሚው።

(በሩ ይደበደባል። ክንዱ ባርኔጣውን አድርጎ ሊከፍት ይሄዳል።)

ወንድምአገኝ፦ አያ ክንዱ፣ በማርያም! እንዳትከፍት! ደግሞ ምን ቀረህ? ሁሉንም መለስኩልህ እኮ!

ክንዱ፦ የኔን መልሰሃል። ይችን «አንድም ቃል አልገባኝም» ያልካትን ግን ዛሬውኑ አስመዝግባት። እሷን ከማንም አልወሰድካትም። (በሩን ይከፍታል) ግቡ፣ ባለቤቱ አለ።