«ኤ» ማለት አስኒ መስሎኝ

ባል ማለት «ይቅርታ» የምትለዋን አንዲት ቃል ላለመናገር ሲል አዲስ ቋንቋ የሚማር ፍጡር ነው! አትቆጡ ወንድሞቼ… ከራሴ ተነሥቼ ነው። እኔ ባለፈው ሰሞን ተምሬያለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የባለቤቴ የአስናቀች አጎት አያ ደሴ ከድብ ባሕር ሊጠይቁን ሲመጡ፣ መናኸሪያ ወጥቼ እንድቀበላቸው ተነግሮኝ ነበር። ረሳሁ! ሰውየው በስጦታ ያመጡልንን አውራ ዶሮ እንደታቀፉ ሲጠብቁ ውለው፣ በመጨረሻ ያገኙትን ባጃጅ ሁሉ «የአስናቀችን ቤት ታውቀዋለህ?» እያሉ በራሳቸው ደረሱ።

እሳቸውስ ወዲያው ሳቁ። አስኒ ግን ዘጋችኝ። ቤታችን ውስጥ ደፍሮ ድምፅ የሚያሰማ ያ አውራ ዶሮ ብቻ ሆነ። ማዕድ ስታቀርብ እንኳ «አያ ደሴ፣ እስቲ ያንን ሰውዬ ብላ በሉት» ነው የምትለው። ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል ይሉናል… የኛ ባሕር ደርቆ ነበር።

አስኒ የኮምፒውተር መምህርት ናት። እኔ እዚያው ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምራለሁ። ልብ በሉልኝ፣ ኮስታራ ነኝ! ተማሪ ከሩቅ ሲያየኝ ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ ይከታል። እሷ የምትመራው ክበብ ደግሞ ኮምፒውተር ላይ ብሎክ እየደረደሩ የፈለጉትን ዓለም የሚገነቡበት ጨዋታ አለው። ያን ሰሞን የከተማችንን የቀሐ ጥምቀተ ባሕር ከነግንቡ እየሠሩ ነበር።

በዚህ ጨዋታ ትእዛዝ የሚባል ነገር አለ። ለማን እንደሆነ፣ ምን እንደሆነ፣ ምን እንደሚመስል ትጽፋላችሁ፤ ዕቃው እንዳዘዛችሁት ሆኖ ከች ይላል። ስም ታወጡለታላችሁ፣ ከሥሩ የፈለጋችሁትን ትጽፉበታላችሁ። ልኬት ላይ እንዳግዛቸው ብላ ለእኔም የማዘዝ ሥልጣን ሰጥታኝ ነበር… ከኩርፊያው በፊት!

ቅዳሜ ጠዋት ወላጆች የልጆቹን ሥራ ሊያዩ ተጠርተው ስለነበር አስኒ ማልዳ ሄደች። እኔ ቤት ቀርቼ ላፕቶፔን ከፈትሁ። አንዲት ቀይ አበባ አዘጋጀሁ። ስሟን በወርቅማ ፊደል «አስኒዬ» አልኋት። ከሥሯ ደግሞ «በፈጠረሽ ታረቂኝ። ያንችው ድንቡሼ» ብዬ ጻፍሁ። ድንቡሼ… እንግዲህ የጓዳ ስሜ ነው። አደራ!

አያ ደሴ ከጎኔ ሆነው ያያሉ።

«ምነው እንዲህ አላበህ?»

«አበባ እየላክሁላት ነው፣ አያ።»

«ሸጋ! ይሸታል?»

«አይሸትም።»

«እንግዲያ ምኑን አበባ ሆነ!»

የቀረኝ «ለማን» የሚለው ነው። ስሟን መጻፍ እችል ነበር። ግን ልጆቹ በስም ፈንታ አንዲት የእንግሊዝኛ ፊደል እያስገቡ ሲያሳጥሩት አይቻለሁ፤ አንዳንዴ «ፒ»፣ አንዳንዴ «ኤ»። የሒሳብ ሰው አይደለሁ? አሰላሁት። ኤ… አስናቀች! ላክሁ።

ለካ «ኤ» ማለት «ጨዋታው ውስጥ ላለ ሰው ሁሉ» ማለት ኖሯል!

መልሱ ይጎርፍ ጀመር።

«ቲቸር፣ ታርቀናል!»

«እኔ ግን ላስብበት።»

«ድንቡሼ ማነው?»

«ቲቸር ነዋ!»

ደንግጬ አበባውን የሚነጥቅ ትእዛዝ ጻፍሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ የለቀምሁትንም መልሼ አፈሰስሁ። «አበባ» የሚለውን ረስቼ ያችን ጉደኛ ፊደል ብቻ ደገምኋት። የልጆቹ ዶማ፣ ድንጋይ፣ የውሃ ባልዲ… በእጃቸው የነበረው ሁሉ ድራሹ ጠፋ!

ስልኬ ጮኸ። አስኒ ናት። አልዋሻችሁም፣ ደስ አለኝ። አናገረችኝ እኮ!

«አንተ!»

«አቤት!»

«ፕሮጀክተሩ ግድግዳው ላይ እያሳየው ነው። ወላጆች ተደርድረዋል። ርእሰ መምህሩ ‹ድንቡሼ ምን ማለት ነው?› እያለ ይጠይቀኛል። ቶሎ ና!»

አያ ደሴን ለሽምግልና ይዤ በባጃጅ በረርሁ። ስንገባ አንዲት እናት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ፍርፍር አለች። የቀረው ተከተላት። ሸሚዙን ለመክተት የሞከረ አንድም ተማሪ አልነበረም!

አያ ደሴ ግን ሽምግልናውን ትተው ከሳሽ ሆኑ።

«ቆዩ እንጂ! መናኸሪያ የተጣልሁ እኔ፣ አበባ ያልደረሰኝም እኔ። ካሳ እፈልጋለሁ!»

«ምን እናድርግልዎ፣ አያ?» አለች ፕሮጀክተሩ የተያያዘበት ኮምፒውተር ላይ የተቀመጠችው ተማሪ።

«ያ ግድግዳው ላይ ቆሞ የሚያየኝ በሬ ይታዘዛል?»

«ይታዘዛል።»

«እንግዲያ እንደ በሬዬ ዳኘው በሉት። ይተልቃል?»

«የፈለጉትን ያህል።»

«እስቲ ከግንቡ እኩል!»

ልጅቱ ጻፈች። በሬው አናቱ ላይ «ዳኘው» የሚል ስም ተሸክሞ፣ ከግንቡ እኩል ገዝፎ ጥምቀተ ባሕሩ ዳር ተገተረ። ወላጆቹ አጨበጨቡ። አያ ደሴ ጋቢያቸውን አስተካክለው «አሁን ታርቄያለሁ» አሉ።

ሰው ሲወጣ፣ እኔ ያጠፋሁትን ዕቃ በትእዛዝ እየመለሰች ወደነበረችው አስኒ ጠጋ አልሁ።

«አበባዋን… ወደድሻት?»

«የቷን?»

«የላክሁልሽን ነዋ!»

«እኔ ያን ጊዜ መቼ ጨዋታው ውስጥ ገብቼ? እንግዳ እያስተናገድሁ ነበር። ለትምህርት ቤቱ ሁሉ ደርሷል፤ ለእኔ ግን አልደረሰኝም።»

ላፕቶፔ ቤት ቀርቷል። አፌ ግን፣ እንደ ዕድል ሆኖ፣ አብሮኝ መጥቷል።

«አስኒ፣ አጥፍቻለሁ። ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኋት።

ሳቋን ለመዋጥ ከንፈሯን ነክሳ አየችኝ።

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

«ታዲያ ይችን ለማለት ነው ትምህርት ቤቱን በሙሉ የታረቅኸው?»