የአፍሪካ ንብ

ሰው ልመናውን የሚጀምረው ከደጁ ነው። በሬው እንዳይታመምበት፣ ልጁ እንዲያድግለት፣ ገብሱን ውርጭ እንዳይመታበት ይለምናል። ከዚያ ወዲያ ያለውን፣ ለዓለም ሁሉ የሚባለውን፣ ቄሱ ሲሉ «አሜን» ብሎ ያልፈዋል። እኔ ግን በዕድሜዬ አንድ ነገር ታዝቤአለሁ፤ የሩቁን መውደድ እንደ ቅርቡ አይከብድም። የማታውቀው አገር ዶሮውን ማሳህ ላይ አይለቅብህም፣ ድንበርህን አይገፋም፣ በሬህን ተውሶ አንካሳ አድርጎ አይመልስልህም። ጌታችን ባልንጀራህን ውደድ ብሎ ያዘዘውም፣ የሩቁንማ ማንም ሳይታዘዝ ይወደዋል ብሎ ይመስለኛል።

ይህን የምለው ፊደል ያልቆጠርኩ ሰው ነኝ፤ ወሬም አላበዛም። ሚስቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «ካንተ አፍ ቃል ከማውጣት ከዓለት ቤተ ክርስቲያን ማውጣት ይቀላል» ትለኝ ነበር። የእኛ አገር ሰው ከዓለት ቤተ ክርስቲያን አውጥቶ ያውቃልና ተስፋ አልቆረጠችም። ታዲያ አንድ ቀን ሦስት ቃል ተናገርኩ። የቃሉን መዘዝ ላውጋችሁ።

ጊዜው የደርግ ነው። መንደራችን ከላሊበላ ወደ ገነተ ማርያም ሲኬድ ከመንገዱ ገባ ብላ ነው ያለችው። በዚያ ዓመት ሰኔ ላይ ዘነበልንና አታለለን፤ ዘራን። ሐምሌ ሲገባ ሰማዩ እንደ ጥር ሰማይ ጠራ። ገብሱ ጣት አክሎ ቆመና ቢጫ መሆን ጀመረ። ጎታዬን ጠርጌ ነው የዘራሁት፤ ያ ቡቃያ ከደረቀ የምዘራውም የምበላውም የለኝም። የጎረቤቴም ጎታ ከእኔው ጎታ አይሻልም።

እንዲህ ሲሆን ምህላ መያዝ ነው እንጂ ሌላ ምን ይደረጋል? ዱሮ ቢሆን ቄሰ ገበዙ ደወል ያስደውላሉ፣ ሕዝቡ ይወጣል፣ አለቀ። በደርግ ጊዜ ግን ሰው የሚሰበሰበው ሲፈቀድለት ነው። ሦስት ሰው ጥላ ሥር ቢቆም ምን እየመከራችሁ ነው ይባላል። ፈቃጁ ደግሞ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር አራጋው ነው። አራጋው ክፉ ሰው አልነበረም፤ አብሮን ያረሰ፣ ሰንበቴ አብሮን የጠጣ ሰው ነው። ግን ወረዳው ለሴሚናር ወሰደውና ሲመልሰው ጠመንጃም ቃላትም አስታጥቆ ላከብን። ጠመንጃውን ተኩሶት አያውቅም። ቃላቱን ግን አላሳረፋቸውም።

ቄሰ ገበዙ አባ ተገኝ ሄደው ጠየቁት።

«ዝናብ በተፈጥሮ ሕግ ነው የሚመጣው» አላቸው። «ለዝናብ እግዚኦ ማለት ኋላቀርነት ነው፤ አልፈቅድም።»

አባ ተገኝ አልተከራከሩም። በሳምንቱ በስብሰባ አራጋው ስለ አፍሪካ አንድነት ረጅም ንግግር ሲያደርግ ግን ከፊት ተቀምጠው ራሳቸውን እየነቀነቁ አዳመጡት። ከጎኔ የተቀመጠ ሽማግሌ «ይቺ አፍሪካ የሚሏት ከወልድያ ወዲህ ናት ወዲያ?» ብሎ ጠየቀ።

«እኛም አፍሪካ ነን» አለ አራጋው።

«እኛማ ላስታ ነን» አለ ሽማግሌው። ከዚያ በላይ አልተከራከረም፤ ሰው የራሱን አገር ካወቀ ይበቃዋል።

ንግግሩ ሲያልቅ አባ ተገኝ እጃቸውን አወጡ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ነገሩ ይህን ያህል ትልቅ ከሆነ ቤተ ክርስቲያን ዝም ማለቷ ነውር አይሆንም? ለአፍሪካ አንድነት፣ ለሕዝቧም ልቦና መመለስ ምህላ እንያዝ እንጂ።»

አራጋው ተያዘ። አይሆንም ቢል አፍሪካን ጠላ፤ ይሁን ቢል ምህላ ፈቀደ። ብዙ አሰበና «ልቦና አይባል፤ ንቃት ይባል» አለ።

«ይባል» አሉ አባ። «እግዚአብሔር ሁለቱንም ይሰማል።»

«እኔም እገኛለሁ። እኔ የሌለሁበት ስብሰባ ሕገወጥ ነው። ደግሞ ሁሉም ይውጣ፤ የቀረ የአፍሪካ ጠላት ነው።»

እንዲህ ሆነና ላስታ ለአፍሪካ ልትለምን ተነሣች። በማለዳ ወጣን። ቤተ ክርስቲያናችን ከዓለት የተፈለፈለች ስለሆነች ግቢዋ እንደ ጉድጓድ ነው፤ ሰው ከታችም ከላይም ዙሪያውን ቆመ። አብዛኛው ከማሳው የጠወለገ ቡቃያ ነቅሎ በጋቢው ሸሽጓል፣ እግዚአብሔር አይቶ እንዲያዝንለት። ለአፍሪካ የሚለምን ሰው ቡቃያ ምን ያደርግለታል? አራጋው አየ፤ እንዳላየ ሆነ።

አሁን ነገሩ የተበላሸበት ላይ ደረስን። በእኛ ዘንድ ምህላ ከመጀመሩ በፊት የተጣላ ይታረቃል። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነዋ። አባ ተገኝ መስቀላቸውን ይዘው ከደረጃው ላይ ቆሙና እንደ ወጉ ተናገሩ፤ «ቂም ያለበት ይናገር፣ ይታረቅ። በልቡ ይዞ እግዚኦ የሚል ቢኖር ግዝት ነው፤ የሁላችንንም ልመና ያስቀራል።» ሁለት ወንድማማቾች ስለ አጥር ተጣልተው ነበር፣ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። አንዷ ምራቷን ይቅር አለች፤ ምራቲቱ ምን እንዳጠፋች ግን አታውቅም።

ከዚያ ወይዘሮ ጥሩነሽ ተነሡ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የሚኖሩት በንብ ነው፤ ጨውም ልብስም የሚገዙት በማር ነው።

«አባ፣ እኔ ተጣልቻለሁ።»

«ከማን ጋር?»

«ከሊቀመንበሩ ጋር። ንቤን ወስዶብኛል።»

እውነታቸውን ነው። ባለፈው መስከረም ንባቸው ከቀፎ ወጥቶ ሄዶ የአራጋው ቀፎ ውስጥ ገብቷል። መንደሩ ሁሉ ያውቃል፤ መንደሩ ሁሉ ዝም ብሏል። ጠመንጃ ካለው ሰው ንብ ማን ይጠይቃል?

«እመይቴ፣ ይህ የግል ጉዳይ ነው» አለ አራጋው። «ለፍርድ ሸንጎ ያቅርቡ።»

«የሸንጎው ዳኛ ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

«እንግዲያስ ይኸው አቀረብኩ» አሉና ቆሙ።

አራጋው «እናንተ ጸልዩ፣ እኔ ልውጣ» ብሎ መራመድ ጀመረ። አብሮት የመጣው የማኅበሩ ታጣቂ ጆሮው ላይ ጠጋ አለና «ጓድ፣ አንተ ከወጣህ ስብሰባው ሕገወጥ ነው፤ እነዚህን መበተን ሊኖርብኝ ነው» አለው። ተመለሰ። አባ ተገኝ ወደ ወይዘሮዋ ዞሩ፤ «ልጄ፣ ለዛሬ አንቺ ብትወጪልንስ?»

«እኔ ከቀረሁማ የአፍሪካ ጠላት ነኝ፤ ራሱ ነው ያለው።»

አያችሁ? እሱ ከወጣ ጸሎቱ ሕገወጥ፣ ካልወጣ ግዝት። እሳቸው ከወጡ ጠላት፣ ካልወጡ ቂመኛ። ፀሐይዋ ግን ማንንም ሳታስፈቅድ ወጣች፤ ገብሱም ከማዶ መድረቁን ቀጠለ። አፍሪካን የሚያህል ነገር በአንድ ቀፎ አፍ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

ሽማግሌ ይቁም ተባለና እኔ ተጠራሁ። ምክንያታቸው ሁለት ነው፤ ዝም የሚል ሰው አያዳላም፣ ንብም የለኝም። አባቴ የተዉልኝ አንድ አሮጌ ቀፎ ከቤቴ ጓሮ ዛፍ ላይ ተሰቅሏል እንጂ ሸረሪት እንኳ የሰለቸው ነው።

«አውራው የእኔ ነው» አሉ ወይዘሮ ጥሩነሽ። «አውራው የሄደበት ነው ንቡ የሚሄደው፤ ስለዚህ ንቡም የእኔ ነው።»

«አውራ የሚባል ነገር ቀርቷል» አለ አራጋው። «ማሩን የሚሠራው ጭቁኑ ንብ ነው። ጭቁኑ ንብ ደግሞ ወድዶ መጣ እንጂ እኔ ጎትቼ አላመጣሁትም።»

«እኔ ቤት ማን ጨቆነው?»

«እሱን ንቡ ያውቃል።»

«እንግዲያ ንቡን ጥራና ይመስክር።»

ታጣቂው ሳቀና ሳቁን በሳል ሸፈነው። እነሱ ይህን ሲባባሉ እኔ እንደ ልማዴ ዝም ብያለሁ። በጋቢዬ ውስጥ ቡቃያዬን ስነካው ደርቆ ተሰበረ። ያን ጊዜ ከአፌ ወጣ፤ አስቤበት አይደለም።

«ንቡ የአፍሪካ ነው።»

  አራጋው የአፍሪካ አይደለም ብሎ ለወረዳ ምን ሊል ነው? ወይዘሮ ጥሩነሽም የእኔ ነው እንዳይሉ ራሳቸው ለአፍሪካ ሊጸልዩ የመጡ ሰው ናቸው። አባ ተገኝ ጊዜ አልሰጧቸውም፤ «ሽማግሌ ፈርዷል» ብለው የሁለቱንም ራስ ይዘው አሳሳሟቸው። ቀፎው ከሁለቱ ቤት መሐል ባለው ወይራ ላይ እንዲሰቀል ተባለና እግዚኦታው ተጀመረ።

ካህናቱ ጮኸው ለአፍሪካ አሉ። ሕዝቡ ውስጥ ውስጡን ለገብሱ አለ። አራጋው ከአጠገቤ ነበር፤ ቆሞ ይቆጣጠር የነበረው ሰው ቀስ በቀስ ጎንበስ አለ፣ ግንባሩ ድንጋዩን ነካ። «እመቤቴ፣ ከጅረቱ በላይ ያለችውን ማሳዬን» ሲል ሰማሁት። የተፈጥሮ ሕግ መቼም ለሁሉም ማሳ ጊዜ የለውም።

ዘነበም። በማግሥቱ ደመናው መጣና ካፊያ ጣለ፤ በሦስተኛው ቀንም ደገመ። ዶፍ አልነበረም። ወይዘሮ ጥሩነሽ እጃቸውን ዘርግተው ጠብታውን አዩና «ለአፍሪካ ሁሉ ለምነን ለእኛ ከዚህ የበለጠ ምን ሊደርሰን ኖሯል» አሉ። ሆኖም ገብሱ ቀና አለ። አጭር ነበር፣ ግን ፍሬ ያዘ። ዘሬ ተመለሰልኝ።

ቀፎውስ? አራጋው ወረዳ ስብሰባ ሄዶ «በቀበሌህ ለአፍሪካ አንድነት ምን ተሠራ?» ብለው ሲጠይቁት «ቀፎ ሰቅለናል» ብሎ መለሰ፤ ተጨበጨበለት አሉ። ከዚያ በኋላ ያን ቀፎ ማን ይነካል? ኅዳር ሲደርስ ማሩ ሞላ። ወይዘሮዋ እንዳይቆርጡት አራጋው ያያል፤ አራጋው እንዳይቆርጠው ወይዘሮዋ ያያሉ። ባለቤቲቱ አፍሪካ ደግሞ ቢላ ይዛ አልመጣችም። ወሩ እንዲሁ አለፈ።

ባመቱ አደይ ሲፈነዳ ንቡ ታከተውና ወጣ። እናንተ ያን ቀን በኖራችሁ! ወይዘሮ ጥሩነሽ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ አራጋው ጠመንጃውን አዝሎ፣ ጎን ለጎን ሆነው ንቡ እንዲያርፍ አፈር ወደ ሰማይ እየበተኑ፣ እያፏጩ ቁልቁል ሮጡ። «በዚያ በኩል ያዝ!» ይላሉ እሳቸው። «አንቱ በዚህ ይምጡ!» ይላል እሱ። ሁለቱ ሰዎች እንደዚያ ተስማምተው አይቼ አላውቅም። ንቡም ዞሮ ዞሮ ከቤቴ ጓሮ ደረሰ፤ ከአባቴ ቀፎ ገባ።

ደጄ ላይ ቆመው ላባቸውን ጠረጉ።

«አያ በሪሁን» አለ አራጋው። «ንቡ የአፍሪካ ነው፤ ራስህ ነህ የፈረድከው።»

«እኔም አፍሪካ ነኝ» አልኩት። «ራስህ ነህ የነገርከን።»

ተያዩ። አብረው ሄዱ። ከዚያ ወዲያ ሰላም አይሉኝም። እሳቸው እሱ ቤት፣ እሱ እሳቸው ቤት ይቀመጣሉ አሉ፤ የሚያወሩትም ስለ እኔ ነው። ኅዳር ላይ ማሩን ቆረጥኩ፤ ነጭ ነው፣ የላስታ ማር። ወደ ገንቦ ገለበጥኩት እንጂ አልቀመስኩትም። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ሐምሌ መጣና ሰማዩ እንደገና ጨከነ። ገብሱ እንደገና ጣት አክሎ ቆመ። ምህላው አሁንም የአፍሪካ ነው፤ አንዴ የተፈቀደው በዚያ ስም ስለሆነ ስሙን የሚነካ የለም። አባ ተገኝ ከደረጃው ላይ ቆመው «ቂም ያለበት ይናገር» አሉ።

ወይዘሮ ጥሩነሽ ከዚህ ተነሡ። አራጋው ከዚያ ተነሣ።

«እኛ አለን» አሉ፣ በአንድ ድምፅ።

«ከማን ጋር?»

ሁለቱም ወደ እኔ ጠቆሙ።

ሕዝቡ ዞሮ አየኝ። አባ ተገኝም አዩኝ። እግዚአብሔር ጸሎት እንደሚሰማ ከዚያ ቀን ወዲህ ተጠራጥሬ አላውቅም፤ አንድነት ለምነን ሁለቱን አንድ አድርጎልናል፣ የቀረችው አፍሪካ ብቻ ናት። ሰማዩን አየሁት፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጠርቷል። ገብሴን አሰብኩ።

«አባ፣ ጥቂት ይጠብቁኝ» አልኩና ጋቢዬን ሰብስቤ ተነሣሁ። «የአፍሪካን ማር ላምጣ።»