ኮቱ ይመስክር

በየሰፈሩ አንድ በአፉ የሚከሳ ሰው አይጠፋም። ሲሮጥ ያየው የለም፤ ስለ ሩጫ ሲያወራ ያልሰማውም የለም። ከምግብ የሚቆጠብበትን ቀን ሲነግራችሁ ምራቁን እየዋጠ ነው። የሚጀምረው ሁልጊዜ ሰኞ ነው። ሰኞ ሲደርስ ደግሞ ወይ ዝናብ ይሆናል፣ ወይ ለቅሶ ይገጥመዋል፣ ወይ እግሩን ወለም ይለዋል። እኛ ገዳሪፍ የምንኖር ሐበሾች ከእንዲህ ዓይነቱ ሰው ድርሻችንን አላጣንም፤ ስም ይጠራ ከተባለ ይህን የሚያወራላችሁም አይቀርለትም። ከሁላችንም በላይ የነገሠው ግን ክቡር አቶ ባንታምላክ ነበር።

ባንታምላክ ረክሻ ነጂ ነው። ረክሻ ባለሦስት እግሯ፣ አገር ቤት ባጃጅ የምትባለው ናት። ሥራው ከንጋት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት መቀመጥ ነው። ከቤቱ ደጃፍ እስከ ረክሻዋ ስምንት እርምጃ ይሆናል፤ እሱንም ስፖርት ብሎ ይቆጥረዋል። ሱቁ ከቤቱ ሦስተኛው በር ሆኖ ሳለ፣ ሽሮ ለመግዛት ሞተር ያስነሳል። ይህን ሁሉ የሚያወራልን እሱ ራሱ ነው፤ ራሱን በማማት የሚደርስበት የለም። «እኔ እኮ» ይላል፣ «ስሞት እንኳ በረክሻ ካልወሰዳችሁኝ አልሄድም።»

እንግዲህ ይህ ሰው በ2003 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ፅናት ጋረደውን አጨ። ፅናት የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች እናቷን የምትጦር፣ ነገር የማታበዛ ልጅ ናት። ሽማግሌ ተልኮ እሺ ከተባለ በኋላ፣ እናቷ ወይዘሮ ሸዋረጋ ከቁም ሳጥኑ ውስጥ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ሙሉ ልብስ አወጡ፤ ግራጫ ኮት፣ ሱሪና ሰደርያ። ሟቹ ባለቤታቸው አቶ ጋረደው ጎንደር ላይ ለራሳቸው ሠርግ ያሰፉት ነው። በሰባ ሰባቱ ክፉ ቀን ድንበር ሲሻገሩ ጥለውት የመጡት ብዙ ነበር፤ ይህን ልብስ ግን በራሳቸው ላይ ተሸክመው ኡም ጋርጉር ካምፕ ድረስ አመጡት። በካምፑ ዘመንም ሆነ ወደ ከተማ ከገቡ በኋላ አንድ ቀን አልለበሱትም። «ለልጄ ሠርግ እለብሰዋለሁ» ይሉ ነበር። ሳይሆንላቸው ቀርቶ፣ ከአራት ዓመት በፊት አረፉ።

«እሱ ባይደርስ ልብሱ ይድረስ» አሉ ወይዘሮ ሸዋረጋ።

ሱሪውን ብል በልቶታል፤ ኮቱና ሰደርያው ግን ደኅና ናቸው። ባንታምላክ ኮቱን ለበሰው። ልክክ አለ። ወይዘሮ ሸዋረጋ አለቀሱ፣ ፅናትም ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። ባንታምላክም ሰው ሲያለቅስ ባየ ቁጥር የሚያደርገውን አደረገ፣ ቃል ገባ።

«እማማ፣ እስከ ሠርጉ ድረስ አንዲት ኪሎ ብጨምር ይህ ኮት አይሁንልኝ!»

ሠርጉ ከመስቀል በኋላ ነው። ሦስት ወር ባሉበት ኪሎ መቆየት ለሌላ ሰው ምንም አይደል። ባንታምላክ ግን በማግስቱ ጠዋት ከእንቅልፉ ሲነቃ የተናገረው ትዝ አለውና ደነገጠ። ደንግጦም አልቀረ፣ ሁለት ፉል በዳቦ በልቶ ተረጋጋ።

የመጀመሪያው ዘመቻ በወጥ ቤት በኩል ተከፈተ። በእኛ ወግ እጮኛ የሆነ ወንድ የአማቱን ጓዳ ሊረግጥ ቀርቶ ወደዚያ አሻግሮ ማየቱም ነውር ነው። ባንታምላክ ግን በርጩማውን ጓዳው በር ላይ አስቀምጦ ትእዛዝ ይሰጥ ጀመር። ከእንግዲህ በዚህ ቤት ዘይት ጠላት ነው፣ ተባለ። ፅናትም እሺ ብላ፣ ዘይት ያልነካው ሽሮ ሠርታ አቀረበች። የአመጋገብ ፕሮፌሰሩ ባንታምላክ አንዴ ጎረሰ። ሁለተኛውን ሲጎርስ ዓይኑ መደርደሪያው ላይ ካለው የሰሊጥ ዘይት ጠርሙስ ጋር ተገናኘ።

«ለሽታው ያህል ጠብ ብታደርጊበት…»

«ጠላት ነው አላልክም፣ ባንቴ?»

«ጠላትን መውደድ እኮ ታዟል።»

ያን ቀን ጠላቱን ሽሮው እስኪንሳፈፍ ድረስ ወደደው። ወይዘሮ ሸዋረጋ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ወደ ውጭ ወጡ፤ ሲስቁ አማች እንዳያያቸው ነው።

ሁለተኛው ዘመቻ የእግር ጉዞ ነበር። ሁለቱ እጮኛሞች በየቀኑ ከሥራ በኋላ ከፅናት ቤት ተነሥተው ባቡር ጣቢያው ድረስ በፍጥነት ይሄዳሉ፣ በፍጥነት ይመለሳሉ። እናትየውም ሰው እያየ እስከሆነ ድረስ ይሁን ብለው ፈቀዱ። ሰዓቱን የመረጠው ባንታምላክ ነው፤ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ጀንበር ልትጠልቅ ስትል። «አየሩ ቀዝቀዝ ይላል» አለ።

አየሩ ቀዝቀዝ ማለቱ እውነት ነው። ነገር ግን የዚያን ዓመት ረመዳን በሐምሌ መጨረሻ ገብቶ፣ የእኛ ፍልሰታም ከነሐሴ አንድ ቀን ጀምሮ፣ ሁለቱ ጾሞች ተደርበው ነበር። በረመዳን ጀንበር ልትጠልቅ ስትል፣ የገዳሪፍ ወንዶች ብርሻቸውን፣ ማለትም የዘንባባ ምንጣፋቸውን፣ መንገድ ዳር ያነጥፋሉ። ከየቤቱ ትሪ ይወጣል። አላፊ አግዳሚው ሁሉ እጁ እየተያዘ ይቀመጣል፤ ሃይማኖትህ ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም፣ እምቢ ብሎ ማለፍም ስድብ ነው። ከፅናት ቤት እስከ ባቡር ጣቢያው እንዲህ ያለ ብርሽ ሰባት ቦታ ይነጠፍ ነበር። ባንታምላክ አላወቀም ነበር የሚል ካለ፣ በዚያ መንገድ ላይ ስድስት ዓመት ረክሻ የነዳ ማን እንደሆነ ይንገረን።

የመጀመሪያው ብርሽ የሐጅ ሰልማን ነው፤ ድሮ ከመተማ የመጡ ነጋዴ ናቸው።

«ተፈደል ያ ዓሪስ!» ይላሉ ከሩቅ። «ና እንጂ ሙሽራው፣ ቁጭ በል!»

«ሐጅ፣ አና ሳይም! እኔም እኮ ጾመኛ ነኝ።»

«ታዲያ ለጾመኛ አይደል ያነጠፍነው? ወላሂ አታልፍም!»

ወላሂ ከተባለ በኋላ ምን ይደረጋል? ይቀመጣል። ሥጋ ያለበትን ወጥ በጨዋ ደንብ ገሸሽ ያደርጋል፤ በጾሙ ቀልድ አያውቅም። በሊላው ግን ጾም ነው፤ ቅቅል ሽምብራ፣ በሰሊጥ ዘይት የራሰ፣ ተምር ጣል ጣል የተደረገበት። ፉሉም ጾም ነው። ከማሽላ የሚሠራው ጣፋጭ መጠጥ፣ ሂሉ ሙሩም ጾም ነው። «ጾም አያወፍርም» ይልና አንድ ሳህን ይጨርሳል። ከዚያ ተነሥቶ፣ ሆዱን ይዞ፣ ሃምሳ እርምጃ በፍጥነት ይራመዳል። ሁለተኛው ብርሽ ላይ ወላሂ ይሉታል።

ፅናት ወንዶች መካከል አትቀመጥም። ቶቧን፣ እንደ ሱዳን ሴቶች የምትከናነበውን ልብሷን፣ ሰብስባ፣ ጫማዋ ላይ የሚለጠፈውን የክረምት ዋልካ እየረገጠች መንገዷን ትቀጥላለች። ባቡር ጣቢያው ደርሳ ስትመለስ እሱ ሦስተኛው ብርሽ ላይ ነው። አንዳንዴ ጊዜ ሲተርፋት ደግማ ትሄድና ትመጣለች። እንዲህ ሆኖ ወሩ አለቀ፤ ስፖርቱን እሷ ሠራችው፣ በሊላውን እሱ በላው። እሷ የሙሽራ ቀሚሷን ሁለቴ አጠበበችው።

እሑድ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ኮቱ ከቁም ሳጥን ይወጣል። ባንታምላክ ትንፋሹን ውጦ እጁን ያስገባል። ልክክ ይላል። በሚቀጥለው እሑድም ልክክ ይላል። ባንታምላክ መስተዋቱ ፊት ወዲያና ወዲህ ይዞርና እጁን ዘርግቶ ያውጃል፦

«ምን አልኩ? ኮቱ ይመስክር!»

ኮቱ ይመስክር የሚለው ቃል ከዚያ ቤት ወጥቶ ረክሻ ተራው ድረስ ተሰማ። ነጂዎቹ ሊቁን ከብበው ይጠይቁታል፣ ሊቁም ያስተምራል፤ በሊላ ብሉ፣ ጀንበር ስትጠልቅ ተራመዱ። ሚዜ እንዲሆን የታጨው ታምሬ ትምህርቱን በቅን ልቡ ተቀብሎ አንድ ወር ሙሉ ፈጸመ። አንድ ቀን ጎማ ሊቀይር ሲያጎነብስ ሱሪው ከኋላ ለሁለት ተከፈለ።

«ባንቴ» አለ ታምሬ፣ በሁለት እጁ ኋላውን ሸፍኖ፣ «የእኔ ሱሪ ለምንድን ነው የማይመሰክረው?»

«እምነት ያንስሃል» አለው ባንታምላክ።

ውስጥ ውስጡን ግን እሱም ነገሩ አልጣመውም። ቀበቶው ሁለት ቀዳዳ አፈግፍጓል። ዝናብ ቆዳ ያሳጥራል፣ ብሎ አለፈው። የሸሚዙ ቁልፍ ረክሻዋ ውስጥ ተስፈንጥሮ የተሳፋሪ ግንባር መታ። ክሩ የቻይና ነው፣ አለ። ማታ ብቻውን ሲሆን ሆዱን ዳበስ አድርጎ ያስባል፤ ሆድህ አይደለም እንዴ ይኼ? ነገር ግን ኮቱ አለ። የአቶ ጋረደውን የሚያህል ሰው ልብስ እንዴት ብሎ ይዋሻል? ስለዚህ አመነ። ማመኑ ከመራመዱ ይቀላል። ፍልሰታ ተፈታ፣ ዒድ መጣ፣ ዕንቁጣጣሽ መጣ፣ መስቀል መጣ፤ ባንታምላክ አንዱንም ቅር አላሰኘም፣ ኮቱም አንድ እሑድ አልከዳውም።

ከሠርጉ በፊት ያለው እሑድ ደረሰ። ባንታምላክ ኮቱን ለብሶ መስተዋቱ ፊት ቆሟል። ፅናት የስፌት መኪናዋ ላይ ጎንበስ ብላ የቀሚሷን ጫፍ ትጠቀልላለች፣ ወይዘሮ ሸዋረጋ ምስር ይለቅማሉ።

«ዛሬ ሙሉውን ልልበሰው» አለ ባንታምላክ። «ፎቶ አንሺው ሰደርያ ካለ ይሻላል ብሏል። ሰደርያውስ?»

የስፌት መኪናዋ ድምፅ ቆመ። ወይዘሮ ሸዋረጋ ምስሩ ውስጥ አንዲት ጠጠር አግኝተው አልለቅ አሉ።

«ፅናት፣ ሰደርያው የት ነው?»

ፅናት ቀና አለች።

«ለብሰኸዋል» አለችው።

መጀመሪያ አልገባውም። ደረቱን ዳበሰ። ከዚያ ቀስ ብሎ ኮቱን አወለቀና ገልብጦ አየው። ገበሩ ላይ የጠመኔ መስመር አለ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ እያንዳንዱ ኮቱ አንድ ጊዜ የሰፋበት ምልክት። በጎኑና በጀርባው ስፌት ውስጥ የነበረው ትርፍ ጨርቅ ሁሉ ተለቅቆ አልቋል። ከብብቱ ሥር እስከ ታች ደግሞ በግራም በቀኝም ሁለት ጣት የሚያህል ግራጫ ጨርቅ ገብቶበታል። ያው የሰደርያው ጨርቅ ነው፤ ፀሐይ ስላላየው ብቻ ጠቆር ይላል።

ባንታምላክ አፈረ። እንደ ልማዱ ቀልዶ አላለፈውም። አንድ ሰው በራሱ ላይ ተሸክሞ ድንበር ያሻገረው ልብስ ነው፣ ካምፕ ውስጥ በራብ ቀን እንኳ ያልሸጠው። የሐጅ ሰልማን በሊላ አፈረሰው።

«ለእኔ ሆድ ብለሽ የአባትሽን ልብስ ቀደድሽው?»

«አልቀደድኩትም። ክር በክር ነው የተረተርኩት» አለች ፅናት። «መጀመሪያ ቀን ሦስት ጊዜ አንሥቼ መልሼዋለሁ። በኋላ ግን ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ምን ይሠራል አልኩ። አባቴ ሠርጉ ላይ መገኘት ነው የፈለገው።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህ ሰኞ እጀምራለሁ ትለኝ ነበር።»

ወይዘሮ ሸዋረጋ ጠጠሯን ጣሏት። «ተወው ልጄ፣ ጋረደውም ያን ሰደርያ አይወደውም ነበር» አሉ። «በሠርጋችን ዕለት ሁለት ቁልፍ ፈትቶ ነው የዋለ። እሱም በእጮኝነቱ ወፍሮ ነበር፤ ይኸንኑ ኮት ዋዜማው ላይ በገዛ እጄ ስፌቱን ለቅቄ ነው ያሰፋሁለት። ፅናት መጀመሪያ የተረተረችው የኔን ስፌት ነው።»

ቀድሞ የሳቀችው ፅናት ናት፤ ስትስቅ ግን ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር።

በዚያ ምሽት ባንታምላክ ረክሻዋን በር ላይ አቁሞ ባቡር ጣቢያው ድረስ በእግሩ ሄደ። ብርሽ የሚባል የለም፣ ወላሂ የሚለውም የለም። መንገዱ ምን ያህል እንደሚረዝም ያወቀው ያኔ ነው፤ ፅናት ይህን መንገድ በጭቃ ስንት ጊዜ እንደተመላለሰችበትም አስቦ ከነከነው። ደርሶ ተመለሰ። ለማንም አላወራም። እኛም ያወቅነው በማግስቱ ሲያነክስ አይተን ነው። በአፉ የሚከሳ ሰው አንድ ነገር ሠርቶ ዝም ሲል ያየን ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ለባንታምላክ ሆዳችን የባባውም ያን ጊዜ ነው።

የሠርጉ ዕለት ዳሱ ሞላ። ሙሽራው ግራጫ ኮቱን ለብሶ ከሙሽሪት ጋር ሲገባ ወይዘሮ ሸዋረጋ ተነሥተው ቆሙ፤ ኮቱን እያዩ ቆመው ቀሩ። ሐጅ ሰልማን ከፊት ረድፍ ተቀምጠዋል፤ ሙሽራውን ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ያ ዓሪስ! ያን ሁሉ በሊላ በልተህ፣ ይህ ኮት እንዴት አድርጎ ልክህ ሆነ?»

ሰው ሁሉ ሳቀና መልሱን ጠበቀ። ታምሬ እንኳ የለመደውን ሊሰማ ጆሮውን አቀና። ባንታምላክ አንገቱን ደፋ።

ፅናት ክንዱን ያዘችው። ጣቶቿን ከብብቱ ሥር፣ ጠቆር ያለው ጨርቅ ላይ አሳረፈችና ለሐጅ ሰልማን መለሰችላቸው፦

«ኮቱ ይመስክር።»