የሮመር ነገሥታትና የጋሽ ታምራት ሁለት ድስት

ሥልጣን ላይ መውጣትና ሥልጣን ላይ መቆየት አንድ ነገር ይመስሉኝ ነበር። አይደሉም። ዛፍ ላይ መውጣት ሌላ፣ ዛፍ ላይ ማደር ሌላ። ይህን ያስተማረችኝ ፍራንክፈርት ናት። እናንተ በባንክና በአውሮፕላን ማረፊያዋ ብታውቋት አልፈርድባችሁም፤ ድሮ ግን የጀርመን ነገሥታት የሚመረጡት እዚህ ነበር። አዎ፣ የሚመረጡት! ሰባት ጳጳሳትና መኳንንት ተሰብስበው "አንተ ሁን" ይሉታል፤ እሱም ቀደም ብሎ ለእያንዳንዳቸው ደስ የሚላቸውን ቃል ገብቶላቸዋል። ዘውዱን ሲጭን አደባባዩ ላይ ሙሉ በሬ ተጠብሶ ሕዝቡ ይበላል። ብልጡ ደግሞ ገና በሕይወት ሳለ ልጁን ያስመርጣል።

ከክፍሌ ልጆች ጋር ሮመር የሚባለውን የድሮ ማዘጋጃ ቤት ስንጎበኝ፣ ግድግዳውን የሞሉትን ነገሥታት አንጋጥጬ እያየሁ አንድ ጥያቄ መጣብኝ፦ ከነዚህ ሁሉ መካከል "ደከመኝ" ብሎ በፈቃዱ የወረደ አለ? አልጠየቅኩም። እኔ እጄን ላውጣ አላውጣ ስል ትምህርቱ ያልቃል።

ጥያቄዬን እንደያዝኩ ቅዳሜ ቦርንሃይም ሰፈር ወደሚሰበሰበው የኢትዮጵያውያን ማኅበራችን ሄድኩ። ሊቀመንበራችን ጋሽ ታምራት ናቸው። ዚንድሊንገን ካለው የኬሚካል ፋብሪካ ጡረታ ወጥተዋል፤ ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ጧት ከቤት የሚያስወጣቸው የማኅበሩ አዳራሽ ቁልፍ ነው። የአውሮፓ ንጉሥ ከተመረጠ በኋላ ያበላል፤ ጋሽ ታምራት ከምርጫው በፊት። የሳቸው ሳይሻል አይቀርም። ለዚያውም ሁለት ድስት ነው፤ አንዱ የክርስቲያን ሥጋ፣ አንዱ የሙስሊም። ሁለቱንም ራሳቸው ያማስላሉ፤ ማማሰያ ተሳስተው አያውቁም።

ምርጫው ሲደርስ በየዓመቱ ይነሡና "ልጆቼ፣ አርጅቻለሁ፤ ለሌላ አስረክቤ ልረፍ" ይላሉ። "ኧረ በስማም!" "ወላሂ አይሆንም!" እንላለን። ሦስት ጊዜ እምቢ ይላሉ፣ ሦስት ጊዜ እንለምናለን፣ ይጨበጨባል፣ ያው ይቀመጣሉ። እንግዳስ ቤት ገብቶ መጀመሪያ ሲጋበዝ "በልቼ ነው የመጣሁት" ይል የለ? አንጀቱ እየጮኸ።

ዘንድሮ ግን ፕሮቶኮል ያዥ፣ ማለትም ቃለ ጉባኤ ጸሐፊ፣ እኔ ሆንኩ። እዚህ የተወለዱት ልጆች አማርኛ ይሰማሉ እንጂ አይጽፉም፤ እኔ ስድስተኛ ክፍልን አዲስ አበባ ጨርሼ ነው የመጣሁት። ደስ አለኝ፤ የሚጽፍ ሰው አይናገርም። ትምህርት ቤት ደግሞ "ፕሮቶኮል ላይ የተባለውን እንጂ ሊባል የተፈለገውን አትጻፉ" ብለውናል። ስለዚህ ጋሽ ታምራት ያሉትን ጻፍኩ። ልመናውን ተውኩት፤ ሁሉም በአንድ ላይ ሲጮህ ማን ምን እንዳለ በምን ልለይ?

"እስቲ አንብቢልን፣ የኔ ልጅ" አሉኝ ራሳቸው።

አነበብኩ፦ "ሊቀመንበሩ አርጅቻለሁ፣ ለሌላ አስረክቤ ልረፍ ብለዋል።" ከዚያ በታች ምንም የለም።

ቀድመው የተናገሩት ምግብ ቤት ያላቸው እትዬ ዘሀራ ናቸው።

"ከተጻፈማ ተጻፈ። ሰውየውን ስንት ዓመት እረፍት የነሣን ጨካኞች ነን እኮ!"

"አንቺ ዘሀራ፣ ወንበሬን ነው የምታዪው?"

"ወንበሩን ትቼዋለሁ፣ ጋሼ፤ ወገብዎን ነው የማየው።"

ሁሉም ሳቀ። ጋሽ ታምራት አልሳቁም፤ እኔን አዩኝ።

"ል... ልሰርዘው?" አልኳቸው።

ቁልፉ ኪሳቸው ውስጥ ሲንኳኳ ይሰማኛል። "የለም" አሉ በመጨረሻ፣ "ብያለሁ።" ቁልፉን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት፤ እጃቸውን ግን ቶሎ አላነሡም። "ድስቱስ?"

"ድስቱማ የእርስዎ ነው! ማን ደፍሮ ይነካዋል!" አሉ እትዬ ዘሀራ። እጃቸው ያኔ ተነሣ።

እትዬ ዘሀራ ተመረጡ። ተነሥተው "እኔ እንኳን ይህን አልችል..." ብለው ጀመሩና እስክሪብቶዬን አዩት። "ማለቴ፣ እሺ።"

ሰኞ ዕለት ክፍል ውስጥ እጄን አውጥቼ ያን ጥያቄዬን ጠየቅኩ። መምህራችን ደነገጠች። አዎ፣ አንድ ኃያል ንጉሥ ደከመኝ ብሎ ዘውዱን አስረክቦ ገዳም አጠገብ ሄዶ ተቀመጠ አለችኝ። ሌሎቹ ልጆች ለምን እንደለቀቀ ጠየቁ። እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው፤ ያን ቀን ፕሮቶኮል የያዘው ማን ይሆን?